ቦሎ ሲቃረብ ማርሚታ መቀየር፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ መኪና የቱ ያዋጣል?

ቦሎ ሊደርስ ሲል ማርሚታ ቤቶች ይሞላሉ። ጭሱ የሚወጣው በማርሚታ ስለሆነ፣ ማርሚታው ሲቀየር ጭሱም የሚስተካከል ይመስላል። አይስተካከልም። የማርሚታ ሥራ ድምፅ ማብረድ ነው። ቤንዚን መኪና ላይ ጭሱን የሚያጠራው ካታላይዘሩ ነው፤ ከማርሚታው በፊት፣ ወደ ሞተሩ ጠጋ ብሎ የተቀመጠው። አብዛኛው ናፍጣ ላይ ደግሞ ጭሱ የሚጠራው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ነው። ከዚያ ካለፈ አለፈ።

ስለዚህ በያጁ መቁረጫውን ሳያነሳ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፦ «የቱ ጋ ነው የምትቆርጠው?» ከካታላይዘሩ በኋላ ባለው ቱቦ እንደፈለጋችሁ ሁኑ። ከዚያ በፊት የሚነካ ነገር ሁሉ ግን መለኪያው ላይ ይታያል።

ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ሰው ያለችውን ቪትዝና ኮሮላ አጥብቆ ይዟል። መኪናው ያረጃል፣ ቱቦው ይዝጋል፣ ካታላይዘሩ ይደክማል። አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚጠይቀው ዓመታዊ ምርመራ ግን ዕድሜ አይቶ አይምርም። መቀየሩ አይቀርም፤ በምን ይቀየር የሚለውን እንይ።

መለኪያው ምን ያያል?

ቤንዚን ከሆነ ቀጭን ዘንግ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድን በመቶኛ፣ ሳይቃጠል ያመለጠውን ነዳጅ ደግሞ በፒፒኤም (ከሚሊዮን ስንት እንደሆነ) ያነባል። አንዴ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ አንዴ ነዳጅ ረገጥ ተደርጎ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ። ናፍጣ ላይ የሚለካው የጭሱ ጥቁረት ነው። ማርሽ ሳይገባ ነዳጁ ጥግ ድረስ ይረገጣል፣ ይለቀቃል፣ ይደገማል።

የቁጥሩን ስሜት ለማግኘት የአውሮፓ ኅብረትን የምርመራ ደንብ እንውሰድ። ካታላይዘር ለሌለው አሮጌ ቤንዚን መኪና በሚኒሞ እንደ ዘመኑ እስከ 4.5 ወይም እስከ 3.5 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈቅዳል። ካታላይዘር ላለው 0.5 ብቻ፤ ለአዳዲሶቹ 0.3። ናፍጣ ላይ የጭሱ ጥቁረት ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ) ለሌለው 2.5 በሜትር፣ ቱርቦ ላለው 3.0፣ በኋላ ለመጡት ሞዴሎች 1.5። እዚህ የሚያዝባችሁ ልክ እንደ መኪናው ዘመንና ነዳጅ ስለሚለያይ ምርመራው ጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከአውሮፓው ቁጥር የሚወሰደው ቁም ነገር ሌላ ነው። በ3.5 እና በ0.5 መካከል ሰባት እጥፍ አለ። ያ ሰባት እጥፍ የካታላይዘሩ ሥራ ነው። አስወጥታችሁት መኪናው «ካታላይዘር ያለው» ተብሎ ከተመደበ፣ ማርሚታው ወርቅ ቢሆን አያድናችሁም።

ከፍታው

ይሄን ዱባይ ያለ ሰው የሚነግራችሁ ምክር ውስጥ አታገኙትም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመሀል ያለው 25 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ የማይሞላ መንገድ ነው። በዚያች አጭር መንገድ፣ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ይሳሳል። ከባሕር ጠለል ጋር ሲተያይ የአየሩ ግፊት ኮምቦልቻ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል፣ ደሴ ላይ ሩብ ያህል ያንሳል።

ኢንጀክሽን ያለው መኪና ይሄን በሴንሰር አውቆ ነዳጁን ይቀንሳል። ካርቡሬተር ግን አያውቅም። ኮምቦልቻ የተስተካከለ አሮጌ ኮሮላ ደሴ ሲደርስ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከፍ ይላል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣም ያው ነው። ፖምፓው (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው) የለመደውን ናፍጣ ይረጫል፣ አየሩ ግን የለም፣ ትርፉ በጥቁር ጭስ ይወጣል። ስለዚህ ካርቡሬተርም ሆነ ፖምፓ የሚስተካከለው ምርመራው ባለበት ከተማ ቢሆን ይመረጣል። ደሴ የምትመረመሩ ከሆነ ደሴ አሠሩት። ኮምቦልቻ ያለው ባለሙያ ቢበልጥባችሁ እንኳ ከፍታውን ነግራችሁት ትንሽ ቀነስ ያድርግላችሁ።

የቤንዚን መኪና ምርጫዎች

አሮጌውን ማስበየድ ርካሹ ነው። ቀዳዳው ከካታላይዘር በኋላ ከሆነ፣ ቱቦው ገና ደህና ውፍረት ካለው፣ ላሜራ ለጥፎ ዙሪያውን ማስበየድ በቂ ነው። ነጥብ ነጥብ አድርጎ የሚለቅ በያጅ ግን አይበጅም። በየመንቀጥቀጡ ይከፈታል።

ቀዳዳው ከፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር (ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ለኮምፒውተሩ ከሚነግረው) በፊት ከሆነ ጉዱ ሌላ ነው። ጭስ እንደ ወንዝ አንድ ወጥ አይፈስም፤ በምት በምት ነው የሚወጣው። በምቱ መሀል ቀዳዳው ከውጭ አየር ይስባል። ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን ሲያገኝ ነዳጅ ያነሰ ይመስለዋል። ኮምፒውተሩ አምኖት ነዳጅ ይጨምራል። ምንም ሳይጎድል ተጨምሮ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሰማይ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ነው ሰው ካንዴላ፣ ቀጥሎ ኢንጀክተር፣ ቀጥሎ ሴንሰር እየቀየረ ብሩን የሚጨርሰው። ነገሩ ግን የአንድ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ጉዳይ ነበር።

ማየቱ ቀላል ነው። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱት። አንድ ሰው በወፍራም እርጥብ ጨርቅ የጭስ ማውጫውን ጭራ ለጥቂት ሰከንድ ይዝጋው። እናንተ ቦኔቱን ከፍታችሁ አዳምጡ። «ጥሽ ጥሽ» የሚል ከመጣ ቀዳዳ አለ። ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ የሚቀበለው ቱቦ) ከሞተሩ የሚገናኝበት ላይ ጥላሸት የሠራ ጥቁር መስመር ካያችሁ ማዳመጥም አያስፈልግም። «ቀዳዳ ካለው አየር ገብቶ ጭሱን ያቀጥንልኛል» የሚሉ ብልጦችም አሉ። አራት ጋዝ የሚያነበው መለኪያ አየር መግባቱን ከኦክስጅኑ ያውቃል። ይልቅ ለራሳችሁ ፍሩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ነው፤ ሽታም የለውም። በደሴ ብርድ መስኮት ዘግቶ ለሚሄድ ሚኒባስ፣ ወንበር ሥር ያለ ቀዳዳ ቦሎ ከመከልከል የባሰ ነገር ያመጣል።

አዲስ ተራ ማርሚታ ብዙ ወሬ አያስፈልገውም። ለሞተራችሁ መጠን የተሠራ ከሆነና መጋጠሚያው ካላፈሰ ጭሱ ላይ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም። ከኦሪጅናሉ የሚለየው ዕድሜው ነው፤ ላሜራው ስስ ከሆነ ቶሎ ይዝጋል። በእጅ ስታነሱት የቀለለውን ትታችሁ የከበደውን ግዙ።

ስፖርት ማርሚታም ከካታላይዘር በኋላ እስከገባ ድረስ በጭስ አይጥላችሁም። በድምፅ ግን ሊጥላችሁ ይችላል፤ ትራፊክም ጆሮ አለው። ጉልበት ይጨምራል የሚባለውን ለ1,000 ወይም 1,300 ሲሲ ሞተር አትመኑት። እንዲያውም ሰፊ ቱቦ በዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበት ያሳሳል፤ ዳገት የሚወጣ ሰው የሚፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው። ድምፁ ሐረጎን ቀድሞ ይወጣል፣ መኪናው ከኋላ ይደርሳል።

ካታላይዘሩን አውጥቶ ባዶ ቱቦ ማስገባት። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው።

ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ንግግር ይታወቃል። «አለቃ፣ ይቺ ናት መኪናውን አንቃ የያዘችው። እናውጣት፣ ይለቀቅልሃል፣ እሷንም የሚገዛ አለ።» ሁለቱም ውሸት አይደለም። ካታላይዘር ሲደፈን እውነትም ያንቃል። ውስጡ ያለው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስለሆነም ገዢ አያጣም። ነገር ግን ሞተሩ ጋ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ ከዚያ በኋላ የሚያቃጥለው የለም፤ እንዳለ ጭራው ላይ ይደርሳል። ቼክ ኢንጂን መብራትም ይበራል፤ ከካታላይዘር በኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር የተቀመጠው ይሄንኑ ሊጠብቅ ነው። መብራቱን ለማጥፋት ሴንሰሩን በማራዘሚያ ፈቀቅ ማድረግ ወይም ኮምፒውተሩን ማስተካከል የሚሸጡ አሉ። ያ መብራቱን ያታልላል። ጋዙን የሚያነበው ዘንግ ግን ከመብራቱ ጋር ሥራ የለውም። ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ትወድቃላችሁ።

ደግሞ ካታላይዘር ዝም ብሎ አይደፈንም። ወይ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ወይ አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል ነዳጁን እየለቀቀ ካታላይዘሩ ውስጥ አቃጥሎ አቅልጦታል። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ያለቀበት ሞተር ላይ አዲስ ካታላይዘር መግጠም ከድጡ ወደ ማጡ ነው። መጀመሪያ በሽታው ይታከም።

እውነት መደፈኑን ለማወቅ ሳይቆረጥ ማየት ይቻላል። ፊተኛው ሴንሰር ሲፈታ በዚያ ቀዳዳ ጭሱ ይተነፍሳል። ሴንሰሩ ወጥቶ መኪናው በአንዴ ከነቃ መዘጋቱ እውነት ነው። ካልነቃ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ካታላይዘራችሁን አትስጡ። ሲቀዘቅዝ በጎማ መዶሻ ጎኑን ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። የተሰበረ ሸክላ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ፈርሷል።

ከፈረሰ በምን ይተካ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለማንኛውም መኪና ተብሎ የሚሸጠው አዲስ ካታላይዘር ነው። ዋጋው ይቀላል፤ ውስጡ ያለው ማዕድንም እንደዚያው የሳሳ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልፋል። ከርሞስ? እንደ ሞተሩ ጤና ነው። ሁለተኛው ከተመሳሳይ ሞዴል የተፈታ ኦሪጅናል ነው። ማዕድኑ ብዙ ነው፣ ቦልቱም ቦታው ይገባል። አደጋው ያለፈ ሕይወቱን አለማወቃችሁ ነው። ስለዚህ ሳትከፍሉ በአንዱ ጫፍ የስልክ ባትሪ አብርታችሁ በሌላው ተመልከቱ። የማር እንጀራ የመሰሉት ቀዳዳዎች ብርሃን በእኩል ካሳለፉ ጥሩ። አንድ ጎን የጨለመ፣ የቀለጠ ወይም በዘይት ጥላሸት የተለወሰ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ።

እኔ ብጠየቅ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የተፈታ ኦሪጅናል ካለ እሱን እመርጣለሁ። ከሌለ አዲሱን፣ ግን በሞተሩ ሲሲ ልክ የተገዛ። በአንድ ነገር ደግሞ አልደራደርም፦ ቦታው። ካታላይዘር ሥራ የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ነው። በያጁ ስለሚመቸው ብቻ ወደ ኋላ ወንበር ሥር ካስገባው ደሴ ጠዋት ላይ ሳይሞቅ ፒያሳ ትደርሳላችሁ። አሮጌው በነበረበት፣ ለሞተሩ በነበረው ቅርበት ይግባ።

ናፍጣ

ኮምቦልቻ ላይ ከባቲና ከሚሌ መስመር የሚመጣውን ጭነት መኪና ለተመለከተ ናፍጣ ጭስ ምን እንደሆነ መንገር አያሻም። አሮጌ አይሱዙና ሚኒባስ ላይ በብዛት የሚደረገው ማርሚታውን አውጥቶ ቀጥ ያለ ቱቦ መግጠም ነው። «ዳገት ላይ ይተነፍሳል» ይባላል። ቱርቦ ያለው ሞተር ላይ ትንሽ እውነት አለው፤ ቱርቦው በቀለለው መጠን አየር ይጨምራል። ቱርቦ የሌለው ላይ ግን ከጩኸት በቀር የምታገኙት የለም። ጥቁር ጭስ የነዳጅና የአየር አለመመጣጠን ነው። ቱቦ ሁለቱንም አይለካም።

ለተመሳሳዩ ብር የተሻለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮ። ከባቲ በኩል በሚነሳው አቧራ ፊልትሮ ቶሎ ይደፈናል፣ የታፈነ ሞተር ደግሞ ያጨሳል። ከሁሉ ርካሹ መድኃኒት እሱ ሆኖ ሳለ በመጨረሻ የሚታሰበው እሱ ነው። ቀጥሎ ኖዝል። የሚያንጠባጥብ ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ትቶ ያፈሰዋል፤ ያ አይቃጠልም። ማስፈተሽና ማስተካከል ከአዲስ ማርሚታ ብዙም አይወደድም። ከዚያ ፖምፓ። ጉልበት ፈልጎ ፖምፓውን ያስከፈተ ሰው ማስመለስ አለበት፤ በተለይ ምርመራው ደሴ ከሆነ። ዳገቱ ላይ ትንሽ ትለግማለች። ግን ታልፋለች፣ ናፍጣም ትቆጥባለች።

የጭሱን ቀለም አንብቡ። ጥቁር ከሆነ ያልነው ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኖ። ነጭ ከሆነ በደሴ ብርድ ማለዳ ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ የተለመደ ነው። ሞቆም ከቀጠለ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላልና ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) አስፈትሹ። ሰማያዊና የማያቋርጥ ነጭን የሚያድን ማርሚታ የለም።

አዳዲሶቹ ፒካፖች ላይ ያለው የጥላሸት ማጣሪያ ለብቻው ነው። ጥላሸቱን ይሰበስባል፣ ከ550 እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ አቃጥሎ ያስወግዳል። ከተማ ውስጥ ብቻ አጭር አጭር የሚሄድ መኪና እዚያ ሙቀት ስለማይደርስ ይደፈንበታል። ማውጣት ሳይሆን ረዘም ላለ መንገድ በጥሩ ዙር መንዳት ይሞከር፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መውጣት ለዚህ ጥሩ ነው። አልሆን ካለ በኮምፒውተር ማስቃጠል፣ ወይም አስፈትቶ ማሳጠብ። አውጥታችሁት ጥቁር ጭስ ስትለቁ መርማሪው መለኪያም አያስፈልገው።

የምርመራው ዕለት

እዚህም መሬቱ ይፈርዳል። ከደሴ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትመረመሩ ከሆነ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዛችሁ እግራችሁን ከነዳጁ አንስታችሁ ነው የምትወርዱት። ጥሩ አነዳድ ነው፤ ፍሬን ያድናል። ነገር ግን ያኔ ኢንጀክሽኑ ነዳጅ ስለሚያቋርጥ በቱቦው የሚያልፈው ቀዝቃዛ አየር ነው። ካታላይዘሩ ይበርዳል። በቀጥታ ገብታችሁ ወረፋ ላይ ሚኒሞ ሆናችሁ ብትጠብቁ ይብስበታል። ስለዚህ ከተማዋን አለፍ ብላችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ነድታችሁ ሞቅ አድርጋችሁ ግቡ። ከኮምቦልቻ ወጥታችሁ ደሴ ለምትመረመሩት ሐረጎ ራሱ አሙቆ ያስረክባችኋል።

ናፍጣ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ቀለል ባለ ማርሽ፣ ከፍ ባለ ዙር ጥቂት ንዱት። ቱቦው ውስጥ የተኛው ጥላሸት መንገድ ላይ ይውጣ። የሞተር ዘይት ካለፈበት አስቀድማችሁ ቀይሩ፤ ነዳጅ የተቀላቀለበት አሮጌ ዘይት እየተነነ በሞተሩ አየር መግቢያ ተመልሶ ይቃጠላል፣ ንባቡን ከፍ ያደርጋል።

ለዕለቱ ብቻ ካታላይዘር ተውሶ ገጥሞ፣ ቦሎ ለጥፎ፣ ማታ የሚመልስም አይጠፋም። የመግጠሚያና የመፍቻ ሁለት ጊዜ፣ የጓርኒሲዮኑ፣ የተዋሰበት፤ በየዓመቱ። ደምሩትና የተፈታ ኦሪጅናል ስንት እንደሚል ጠይቁ።

በያጁ ጋ ስትሄዱ

የባትሪውን ኔጋቲቭ አስፈቱት፤ የብየዳ ኤሌክትሪክ የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ሴንሰሩም ከብየዳው በፊት ይፈታ። አዲስ ቱቦ ላይ የሴንሰር መግቢያ ሲበየድ ከላይ በኩል፣ ከጎን መስመር ከፍ ብሎ ይሁን። ከታች ከሆነ ጠዋት ጠዋት ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ የሞቀውን የሴንሰር ሸክላ ይሰነጥቀዋል። ካታላይዘር ከወጣ የወጣውን ዕቃ በእጃችሁ ተቀበሉ፤ የእናንተ ንብረት ነው፣ ዋጋም አለው። ብየዳው ሲያልቅ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ያችኑ እርጥብ ጨርቅ ጭራው ላይ ይዛችሁ እዚያው አዳምጡ። «ጥሽ» ካለ በያጁ ገና አልጨረሰም።